በዓመት 88 ሳንቲም፦ ፉገራይ 500 ዓመት እንዴት ቆመ?

በደቡብ ጀርመን፣ አውግስቡርግ በምትባል ከተማ፣ የዓመት ኪራዩ 88 የዩሮ ሳንቲም የሆነ ቤት አለ። የወር አላልኩም፤ የዓመት ነው። ቤቱም አንድ ብቻ አይደለም። ፉገራይ የሚባለው ቦታ በግንብ የታጠረ ሙሉ ሰፈር ነው። 67 ቤቶች፣ በውስጣቸውም 142 መኖሪያዎች አሉት። 150 የሚሆኑ ኑሮ የከበዳቸው የከተማዋ ሰዎች ይኖሩበታል። የሰፈሩ መመሥረቻ ሰነድ የተፈረመው ኦገስት 23 ቀን 1521 ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሙኒክ ደግሞ ከጀርመን ከተሞች ሁሉ ኪራይ የሚወደድባት ናት። እዚያ ቤት ፍለጋ የተንከራተተ ሐበሻ ያውቀዋል። ደሞዝ ገብቶ ሳያድር ትልቁን ድርሻ ቤት አከራይ ይወስደዋል። እንዲህ ባለ አካባቢ 88 ሳንቲም ዜና ቢሆን አይገርምም። ጎብኚው ይደነቅበታል፤ ጋዜጠኛው ርዕስ ያደርገዋል።

እኔ ግን ይህቺ 88 ሳንቲም ዋናውን ነገር ትሸፍናለች ባይ ነኝ። ርካሽ ቤት ብዙ ሰው ሠርቷል። አምስት መቶ ዓመት ርካሽ ሆኖ እንዲቆይ ያደረገ ግን እምብዛም የለም። ፉገራይን ያቆየው የቤቶቹ አሠራር፣ ከከተማው ውጭ ያለ ደን እና ማንም እንዳሻው የማይሰርዘው ሰነድ ነው። ሰነዱ ላይ ስንደርስ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። ያቆመውም ያገለለውም እሱ ነውና።

የሸማኔው የልጅ ልጅ ገንዘብ

የፉገር ቤተሰብ ታሪክ የሚጀምረው በ1367 ነው። ሃንስ ፉገር የተባለ ሸማኔ ያን ጊዜ ከገጠር ወደ አውግስቡርግ ገባ። የልጅ ልጁ ያኮብ በ1459 ሲወለድ ቤተሰቡ ከሽመና ወደ ጨርቅ ንግድ ተሸጋግሮ ነበር። ያኮብ ደግሞ ንግዱን ወደ ማዕድን ወሰደው። ከቲሮል ብር፣ ዛሬ ስሎቫኪያ ከምትባለው አገር መዳብ ያስወጣ ጀመር። መንገዱ ግልጽ ነበር። መስፍን ወይም ንጉሥ ገንዘብ ሲቸግረው ያበድረዋል። በለውጡ የማዕድኑን ምርት ይረከባል። ጦርነት በማያባራበት በዚያ ዘመን ደግሞ ገንዘብ የማይቸግረው ንጉሥ አልነበረም።

የሀብቱን ልክ ለማወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1519 የሃብስቡርጉ ካርል የቅድስት ሮማ መንግሥት ንጉሥ ሆኖ እንዲመረጥ መራጮቹን መሳፍንት በገንዘብ ማሳመን ነበረበት። ወጪው 851,918 ጉልደን ደረሰ። ከዚህ ውስጥ 543,585ቱን ያወጣው ያኮብ ፉገር ነው። ዕዳው ሲዘገይበትም ዝም አላለም። በ1523 ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ያለ እሱ እርዳታ ዘውዱን ባላገኘ ነበር ብሎ ፊት ለፊት አስታወሰው። ነጋዴ ለንጉሠ ነገሥት እንዲህ ብሎ ጽፎ በሰላም ያድራል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። እሱ ግን አደረ።

የሃይማኖቱ ጉዳይም አብሮ መነሣት አለበት። የኃጢአት ማስተስረያ ወረቀት ተሸጦ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ብዙው ወደ ሮም የሚሄደው በፉገሮች ባንክ በኩል ነበር። ማርቲን ሉተር በ1517 የተነሣው በዚህ ሽያጭ ላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት የጳጳሱ ልዑክ ካርዲናል ካየታን ሉተርን አውግስቡርግ ጠርቶ ሲመረምረው፣ ምርመራው የተካሄደው በራሱ በፉገር ቤት ውስጥ ነው። በእነዚያው ወራት፣ ከዚያ ቤት በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ፣ የፉገራይ ግድግዳ እየተገነባ ነበር። ግንባታው የተጀመረው በ1516 ነው።

ያኮብ ፉገር ይህን ለምን ሠራ? ለነፍሱ ብሎ ነው። ይህን ሰነዱም ይናገራል፤ ነዋሪዎቹ ለመሥራቾቹ እንዲጸልዩ ያዝዛል። ከተማውም የራሱ ምክንያት ነበረው። በዚያ ዘመን የአውግስቡርግ የግብር መዝገብ ውስጥ «ምንም የሌላቸው» ተብለው የሚመዘገቡ ሰዎች ነበሩ። ግብር የሚከፈልበት ንብረት የላቸውም ማለት ነው። ሥራ ፈቶች አልነበሩም። የቀን ሠራተኞች፣ ሸማኔዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ሲታመሙ ወይም ገበያ ሲጠፋ ግን ወዲያው ወደ ልመና የሚወርዱ ነበሩ። ፉገራይ የተሠራው ለእነዚህ ነው። ለማኞችን አይቀበልም ነበር። ዓላማው ሠርቶ አዳሪው ወደ ልመና እንዳይወርድ መያዝ ነበር። ዛሬ በቋሚ ደሞዝ እየኖሩ ኪራይ መክፈል ላቃታቸው ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ በር

የፉገራይን የግንባታ ጥበብ ለመረዳት ከእሱ በፊት ለድሆች የተሠሩትን ማየት ይረዳል። በፈረንሳይ ቦን ከተማ በ1443 የተመሠረተው ሆስፒስ እጅግ ውብ ሕንፃ ነው። ጣሪያው ባለ ቀለም ሸክላ ነው። ውስጡ ግን አንድ ትልቅ አዳራሽ ነው። አልጋዎቹ ግራና ቀኝ በግድግዳው ተደርድረው፣ በአዳራሹ ጫፍ ያለውን የጸሎት ቤት ተኝተው እንዲያዩ ተደርጓል። በእንግሊዝ ዊንቸስተር ያለው፣ በ12ኛው መቶ ዘመን የተመሠረተው የቅዱስ መስቀል ሆስፒታል ደግሞ ለአዛውንት ወንዶች ነው። እነሱም የብር መስቀል ያለበት ጥቁር ካባ ይለብሳሉ። ሁለቱም ቦታዎች ለሰው ደግ ነበሩ። ግን ተረጂው ከሩቅ በልብሱ ይለያል፤ ወይም ከማያውቀው ሰው ጎን ይተኛል።

ፉገራይ ሌላ መንገድ ያዘ። ግንበኛው ቶማስ ክሬብስ ይባላል። በ1523 ሥራው ሲያልቅ 52 ቤቶች ቆመው ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። ባለ አንድ ፎቅ፣ ተያይዘው በረድፍ የተሠሩ፣ ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸው ናቸው። የግድግዳው ልስን ወደ ቢጫ ያደላል፤ የመስኮቱ መዝጊያ አረንጓዴ ነው። ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ጌጥ የሚባል ነገር የለም። ዓይን የሚይዝ ነገር ፈልጎ የገባ ሰው ቶሎ ሊሰለቸው ይችላል። እኔ ግን ትልቁ ሐሳብ ያለው እዚሁ ተራነቱ ውስጥ ይመስለኛል። አንድ ፕላን ተስሎ ደጋግሞ ስለተሠራ ወጪው ቀነሰ። አንዱ ተረጂ ከሌላው የተሻለ ቤት አገኘ የሚል ቅሬታም ከመነሻው ተዘጋ።

ከቤቶቹ ፊት ቆመው ቢያዩ ሁለት በሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው በር በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ መኖሪያ ያስገባል። ሁለተኛው ሲከፈት ደረጃ ነው። ደረጃው የሚያወጣው ወደ ላይኛው መኖሪያ ብቻ ነው። ምድር ቤት ያለው ሰው ጓሮ ላይ ትንሽ አትክልት ቦታ አለው። ላይኛው ደግሞ ጣሪያው ሥር ያለው ቦታ የእሱ ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ኮሪደር አይጋሩም፤ መግቢያ ላይ አይጋፉም። የራሱን በር የራሱ ቁልፍ ይከፍተዋል። ሁለተኛ በርና ሁለተኛ ደረጃ ማለት ተጨማሪ እንጨት፣ ተጨማሪ ብረት፣ የሚባክን ስፋት ነው። ወጪ መቆጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ በር በበቃ ነበር።

ከበሩ አጠገብ የተንጠለጠለውን የደወል እጀታም ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ከብረት የተቀጠቀጠ ነው፤ የአንዱ ቅርጽ ከሌላው ይለያል። አንዱ ጋ የሦስት ቅጠል ቅርጽ ነው፤ ሌላው ጋ የጥድ ፍሬ ይመስላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመንገድ መብራት ባልነበረበት ዘመን፣ ሁሉም በር አንድ ዓይነት በሆነበት ሰፈር፣ ማታ የሚገባ ሰው ቤቱን በእጁ ዳብሶ ያገኘው ነበር። ቤቶቹን አንድ ዓይነት ያደረገው አሠራር ያመጣውን ችግር አንድ ቁራጭ ብረት ፈታው። እኔ በዚህ ሰፈር ውስጥ ከምንም ነገር በላይ የምወደው ይህንን ነው።

እያንዳንዱ መኖሪያ 60 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ማዕድ ቤት፣ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና ሌላ ትንሽ ክፍል አለው። ሳሎኑን የሚያሞቀው ምድጃ እሳቱ የሚነድደው ከማዕድ ቤቱ በኩል ነበር። ሙቀቱ ወደ ሳሎን ይገባል፤ ጭሱ ማዕድ ቤት ይቀራል። ዛሬ ቤቶቹ መታጠቢያና ዘመናዊ ማሞቂያ ገብቶላቸዋል። ሚትለረ ጋሰ በሚባለው ጎዳና 13 ቁጥር ያለው መኖሪያ ግን ወደ ቀድሞው ይዞታው ተጠግቶ ተጠብቋል። ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል።

ከሰፈሩ መግቢያ በር በላይ ያለው የላቲን ጽሑፍ 1519 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል። የሦስቱን ወንድማማቾች፣ የኡልሪክን፣ የጌኦርግንና የያኮብን ስም ይጠራል። ሁለቱ ወንድሞች በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ጽሑፉ ሀብቱን የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ ስለዚህ 106 መኖሪያዎችን በድህነት ለተቸገሩ ቅን ወገኖቻችን ሰጠን ይላል። ቤተ ክርስቲያን ግን መጀመሪያ ላይ አልነበረም። የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1581 እና 1582፣ በሃንስ ሆል እጅ ነው። ለነፍሱ ብሎ የሠራ ሰው ቤቱን አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑን ማስከተሉ ያስገርመኛል።

ኪራዩ ስንት ነበር?

በሰነዱ መሠረት የዓመቱ ኪራይ አንድ የራይን ጉልደን ነው። በዚያን ጊዜ ይህ የአንድ የእጅ ባለሙያ የሳምንት ደሞዝ ያህል ነበር። ርካሽ ነው፤ ግን ነፃ አልነበረም። ተከራዩ የሚሰማው ገንዘብ ይከፍል ነበር። የ88 ሳንቲሙ ተአምር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኪራዩ በቁጥር ተጽፎ ስለነበር ማንም አልጨመረበትም። ጉልደኑ ወደ ማርክ፣ ማርኩ ወደ ዩሮ ሲመነዘር 88 ሳንቲም ላይ አረፈ። የሳምንት ደሞዝ ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጥቂት መቶ ዩሮ ይሆን ነበር። ለዓመት ያም ቢሆን ርካሽ ነው። ስለዚህ የዛሬዋ 88 ሳንቲም ከመሥራቹ ቸርነት ይልቅ የገንዘብ ዋጋ መውደቅ ውጤት ናት። ለመብራትና ለማሞቂያ ደግሞ ነዋሪዎቹ ለየብቻ ይከፍላሉ።

ገንዘቡ ላይ ሌላ ግዴታ ይጨመራል። ነዋሪው በየቀኑ ሦስት ጸሎት ያደርሳል፦ አባታችን ሆይ፣ እመቤቴ ማርያም ሆይ እና ጸሎተ ሃይማኖት። መጸለዩን ቆሞ የሚቆጥር የለም፤ ለሕሊናው የተተወ ነው። በሩ ማታ 4 ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚገባ ሰው የበሬ በር በሚባለው መግቢያ ለዘበኛው 50 ሳንቲም ይከፍላል፤ ከእኩለ ሌሊት ካለፈ ደግሞ አንድ ዩሮ። ዘበኛውም ከነዋሪዎቹ አንዱ ነው። ሌሎችም አትክልት በመንከባከብና በመሳሰለው ሥራ ይረዳሉ። አንድ ሌሊት ያመሸ ሰው ከዓመት ኪራዩ የበለጠ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው።

ክፉ ዘመናት

አምስት መቶ ዓመቱ ሁሉ ሰላም አልነበረም። ሰፈሩ ውስጥ የእንጨት ቤት የሚባል ሕክምና ቤት ነበር። ቂጥኝ የያዛቸው ሰዎች ከአሜሪካ ምድር በሚመጣው የጓያክ እንጨት ይታከሙበት ነበር። እዚያ በአስታማሚነት ትሠራ የነበረች ዶሮቴያ ብራውን የምትባል ሴት በ1625 ጠንቋይ ናት ተብላ ተከሰሰች። የመሰከረችባት የ11 ዓመት ልጇ ናት። ሴትየዋ በስቃይ ተመርምራ በዚያው ዓመት ተገደለች። የፉገራይ ግንብ ከረሃብ ይከልላል፤ ከዘመኑ ጭካኔ ግን አልከለላትም። ስለ ሰፈሩ በሚወሩ ውብ ወሬዎች መካከል ስሟ ሲዘለል ቅር ይለኛል።

በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ጊዜ የስዊድን ጦር በ1632 ከተማዋን ሲይዝ ወታደሮች ቤቶቹ ውስጥ ሰፈሩ። ሰፈሩም ክፉኛ ተጎዳ። በኋላ ተጠገነ። ከጥገናው በኋላ ከገቡት ነዋሪዎች አንዱ ፍራንዝ ሞዛርት የተባለ ግንበኛ ነበር። በ1681 ገብቶ በ1694 እስኪሞት እዚያው ኖረ። የሙዚቃ ሊቁ የቮልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርት ቅድመ አያት ነው። ቤቱ 14 ቁጥር፣ ከሙዚየሙ ጎን ነው።

ትልቁ አደጋ የመጣው በፌብሩዋሪ 25 ሌሊት 1944 ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች አውግስቡርግን ደበደቡ። ከፉገራይ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ፈረሰ። ነዋሪዎቹ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በተቆፈረው መጠለያ ውስጥ ተሸሽገው ተረፉ። ማርች 1 ቀን፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ከተማዋ ፍርስራሽ ሆና እያለች፣ የፉገር ቤተሰብ ጉባኤ ሰፈሩ እንደገና ይሠራል ብሎ ወሰነ። የሚያድስ ሲሚንቶም ሆነ ሠራተኛ በሌለበት ጊዜ የተወሰነ ውሳኔ ነው። ሥራውን የመራው አርክቴክት ራይሙንድ ፎን ዶብልሆፍ ነው። የድሮውን ፕላን ተከትሎ መልሶ አቆመው። በቦምብ የጠፉት የጎረቤት ቦታዎችም ተገዝተው ሰፈሩ ሰፋ። ዛሬ 142 መኖሪያዎች ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በዓመት 142 ጊዜ 88 ሳንቲም ተደምሮ 125 ዩሮ አይሞላም። አንድ መስኮት እንኳ አያስጠግንም። ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ከፈለ?

ደኑ

መልሱ ከከተማው ውጭ ነው። ያኮብ ፉገር መጀመሪያ ያደረገው በንግድ ድርጅቱ መዝገብ ውስጥ በከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ በኡልሪክ ስም ሒሳብ መክፈት ነበር። ገንዘቡ ለበጎ ሥራ የተለየ ነው። በድርጅቱ ውስጥ ተቀምጦ ወለድ ያመጣል። ንግድ ግን ይወድቃል። የስፔን ነገሥታት ዕዳቸውን አንከፍልም ሲሉ ፉገሮችም ተንገዳገዱ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የንግድ ድርጅቱ ከሰመ። የበጎ አድራጎቱ ሀብት አብሮ ያልከሰመው ቀስ በቀስ ወደ መሬትና ወደ ደን ስለተዛወረ ነው። ዛሬ ተቋሙ 3,200 ሄክታር የሚሆን ደን አለው። እንጨት ይሸጣል፤ ዛፍ ይተክላል፤ እንደገና ይሸጣል። ከከተማ ሕንፃዎች ኪራይና ከጎብኚዎች መግቢያም ገቢ አለው።

የዚህ ውሳኔ ዋጋ በደንብ የታየው በ1923 ነው። በዚያ ዓመት ኖቬምበር ላይ አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደረሰ። ገንዘባቸውን በጦርነት ቦንድና በባንክ ያስቀመጡ ብዙ የጀርመን በጎ አድራጎት ተቋማት ሀብታቸው ወረቀት ሆኖ ቀረ። ደኑ ግን ደን ነው። ማርኩ ቢወድቅም እንጨት እንጨት ነው። ቤቱን የሠራው የያኮብ ገንዘብ ነው፤ ያቆየው ግን ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ገንዘቡን ወደ መሬት የለወጡበት ጥንቃቄ ነው። ለእነሱ ግን ሐውልት የቆመላቸው አይመስለኝም።

ደኑም ዘላለማዊ ዋስትና አይደለም። ከ2018 ወዲህ ድርቅና ቅርፊት የሚበላ ጥንዚዛ የጀርመንን የስፕሩስ ደኖች ክፉኛ ጎድቷል። ደን ያለው ሁሉ የዛፉን ዓይነት መቀየር ግድ ሆኖበታል። ዛሬ የሚተከለው ዛፍ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው የሚቆረጠው። ይህን ያህል ርቆ ማሰብ ለብዙ ድርጅት ከባድ ነው። በፉገራይ ግን አዲስ ነገር አይደለም።

ያቆመውም ያገለለውም ሰነድ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በመጀመሪያ ገንዘቡ ከየት መጣ? ከማዕድን ሠራተኛ ላብ መጣ። በ1525 ገበሬዎች ሲያምፁ ያኮብ ፉገር አመፁን ላደቀቀው ጦር ገንዘብ ሰጥቷል። እኛን አፍሪካውያንን የሚነካም አለ። በ2008 በናሚቢያ ጠረፍ፣ ኦራንየሙንድ አጠገብ፣ በ1533 የሰጠመ የፖርቱጋል መርከብ ተገኘ። ውስጡ ከአንድ ሺህ በላይ የመዳብ ቁራጮች ነበሩ። የፉገሮች ምልክት የሆነው ባለ ሦስት ጣት ጦር ታትሞባቸዋል። በ1548 ደግሞ፣ ከያኮብ በኋላ፣ ድርጅቱ ለፖርቱጋል ንጉሥ የናስ አምባሮችን ለማቅረብ ተዋውሏል። አምባሮቹ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሰው የሚገዛባቸው ገንዘብ ነበሩ። የፉገራይ የደወል እጀታ ውበትና እነዚህ አምባሮች ከአንድ ቤተሰብ ንግድ የወጡ ናቸው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ሁለቱም ይጻፉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ይገባል የሚለው ነው። አመልካቹ የአውግስቡርግ ነዋሪ፣ ችግረኛ እና ካቶሊክ መሆን አለበት። በ1521 ይህ ብዙ ሰው አያስቀርም ነበር። የከተማው ሕዝብ ገና በአንድ እምነት ሥር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከተማዋ ለካቶሊክና ለፕሮቴስታንት ተከፈለች፤ ሁሉን ያቀፈው በር ለግማሹ ተዘጋ። ዛሬ አውግስቡርግ 300,000 ገደማ ሕዝብ አላት። ካቶሊኮች ከግማሽ በታች ናቸው። ግማሽ የሚሆነው ነዋሪ ደግሞ ራሱ ወይም ወላጆቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። እዚያ የሚኖር ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ጴንጤ ሐበሻ የቱንም ያህል ቢቸገር ፉገራይ አይገባም።

ይህ ትክክል ነው? እኔ ልቤ ይከፈላል። የተቸገረን ሰው በእምነቱ መለየት አልወድም። ሌላውን ጎን ግን ማየት ግድ ነው። የጀርመን ሕግ የበጎ አድራጎት መሥራችን ፈቃድ አጥብቆ ይጠብቃል። ይህ ጥበቃ ባይኖር ኖሮ በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ አንድ የተቸገረ ወራሽ ወይም አንድ ስግብግብ ሹም ተነሥቶ፣ ቦታው መሃል ከተማ ነው፣ ኪራዩን እናስተካክል ባለ ነበር። ኪራዩን ከዚያ እጅ ያዳነው ሰነድ የእምነቱንም ቃል ያዳነው እሱ ነው። አንዱን አንቀጽ ዘመን አልፎበታል ብሎ የሚሰርዝ እጅ ነገ ሌላውንም ሊሰርዝ ይችላል። ስለዚህ እኔ ሰነዱን ከመፍታት ይልቅ ሌላ ሰነድ መጻፍ ይሻላል እላለሁ።

ተቋሙም ወደዚህ ያደላ ይመስላል። 500ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ በ2022 በአውግስቡርግ ማዘጋጃ ቤት አደባባይ ጊዜያዊ ድንኳን መሰል የእንጨት ሕንፃ አቁሞ ነበር። ንድፉ ኤምቪአርዲቪ የተባለው የሆላንድ የአርክቴክቶች ድርጅት ነው። ውይይቱ በሌላ አገር፣ ለሌላ ችግር፣ በሌላ መስፈርት አዳዲስ ፉገራዮች እንዴት ይሠራሉ በሚል ነበር። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ በሲዬራ ሊዮን ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ቤት መሥራቱ ብቻ አይበቃም። የዚያ አዲስ ሰፈር ደን የቱ ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። የዘላቂ ገቢ ምንጭ ካልተበጀለት፣ የመጀመሪያው ትልቅ ጥገና ሲመጣ ኪራይ ይጨምራል ወይም ጣሪያው ያፈስሳል።

ስለ ጎብኚዎችም አንድ ነገር ልበል። ከኮሮና በፊት በዓመት 200,000 ያህል ሰው ይጎበኘው ነበር። ገንዘቡ ሰፈሩን ይረዳል። ነዋሪው ግን የአትክልት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ በር ላይ ካሜራ ይደገንበታል። ለድሃ ቤተሰብ የራሱን በር የሰጠ ሰፈር ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሙዚየም የሆነውን ቤት ይግባ፤ የሌላውን መስኮት ግን አያጮልቅ።

ጉዳዩ የአንድ አሮጌ ሰፈር ጉዳይ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በምዕራብ ጀርመን ብቻ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ በድጎማ የሚከራዩ ቤቶች ነበሩ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ያሉት 1.1 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ቤቶቹ አልፈረሱም። የሆነው ሌላ ነው። መንግሥት ድጎማ ሲሰጥ አከራዩ ኪራዩን ዝቅ አድርጎ እንዲይዝ የሚገደደው ለተወሰነ ዓመት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ዓመት። ጊዜው ሲያልቅ ያው ቤት፣ ያው ግድግዳ፣ በገበያ ዋጋ ይከራያል። በዚያ ላይ በ1990 ትርፍ ለማይፈልጉ የቤት ድርጅቶች የነበረው የግብር ጥቅም ተነሣ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ይህ የግብር ጥቅም በአዲስ መልክ ተመልሷል። ከገበያ በታች የሚያከራዩ በጎ አድራጊ ድርጅቶች ከግብር ነፃ መሆን ይችላሉ። ሀብታቸውም ለዓላማው ታስሮ እንዲቆይ ሕጉ ያስገድዳል። ለፉገራይ አሠራር ከቀረቡት የመንግሥት እርምጃዎች ይህ አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ሀብቱንም ያስራልና። ሆኖም በተለመደው ድጎማ የሚሠሩት አብዛኞቹ ቤቶች ውል ላይ ዛሬም የርካሽ ኪራዩ ማብቂያ ዓመት ተጽፎ ይፈረማል።